«ያልተወራረደ» እንዴት «የተመዘበረ» ሆነ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ መሥሪያ ቤታችንን ጠርቶ በኦዲት ግኝት ላይ ስላፋጠጠበት መድረክ የጻፋችሁትን ሁለቴ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቆሜ፣ ቀጥሎ ተቀምጬ። ርዕሱ «ተመዘበረ» ይላል። አዳራሹ ውስጥ ይህን ቃል ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። የኦዲት ሪፖርቱ የሚለው «ያልተወራረደ» ነው።

ለእናንተ ያው በያው ሊሆን ይችላል። ለእኔ እንጀራዬ ነው። ሠራተኛ መስክ ሲወጣ ቅድሚያ ገንዘብ ይወስዳል፤ ተመልሶ ደረሰኝ አቅርቦ እስኪያወራርድ ድረስ ሂሳቡ በስሙ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ገንዘቡ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ደረሰኙ ደግሞ ሰውየው መሳቢያ ውስጥ ቡና ፈስሶበት ተቀምጦም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ነው እኮ የሚጠየቀው! ዋናው ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፣ ኮሚቴው ያንን ይዞ ኃላፊውን ይጠይቃል። እናንተ መጠየቁን ዘላችሁ ፈረዳችሁ። ደግ አደረጋችሁ፣ ለዳኞቹም ሥራ ቀለለላቸው።

ፎቶው ላይ እኔም አለሁ፤ ግማሽ ጆሮዬ ይታያል። ከኃላፊው ጀርባ፣ ሁለተኛው ረድፍ፣ ሦስት ቦክስ ፋይል አቅፌ። ጥያቄ በመጣ ቁጥር ኃላፊው ወደ ኋላ ዘንበል ይላሉ፣ እኔ በብጣሽ ወረቀት ቁጥር ጽፌ አቀብላለሁ፣ እሳቸው «እንደሚታወቀው» ብለው ይጀምራሉ። የሚታወቀውስ አሁን ከወረቀቱ ነው። ከተሾሙ ገና አራት ወራቸው ነው፤ ሂሳቡ ከእሳቸው በፊት ሁለት ኃላፊ ሸኝቷል። ይህን አልጻፋችሁም። የሂሳብ ሠራተኛ የሚባል ፍጥረት መኖሩንም አልጻፋችሁም፤ ግማሹ መደባችን ሰው ስለሌለበት ይሆናል ያልታየነው።

ኮሚቴውንም አልምርም። አንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ይሰጣል። ሦስት ሰዓት ከተጠየቀ በኋላ ግን «የድርጊት መርሃ ግብር አዘጋጅታችሁ አቅርቡ» ተብሎ ይበተናል። አምና የተላከው መርሃ ግብር ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ዘንድሮም ሄዷል (ማን እንደላከው አልናገርም)። አንብቦ የጠየቀን የለም። ዜና ፈልጋችሁ ከሆነ እዚያ ነበር፣ ግን ካሜራችሁ ከሻይ እረፍት በኋላ አልተመለሰም።

የአክስቴ ልጅ ደውሎ «አንተስ ስንት ደረሰህ?» ብሎኛል። እየሳቀ ነው፣ ግን መልሴን ጠበቀ። እርማቱን እዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልኝ።

ከሁለተኛው ረድፍ