ጠመኔዋ ጫፍ ላይ ስትደርስ

ክቡር አዘጋጅ፣

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ሁላችንም ስለ መቶኛው እናወራለን። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2016 ደግሞ 5.4። ያለፉት ልጆች ግቢ ገብተው በመጀመሪያው ሴሚስተር ምን እንደሚገጥማቸው ግን ብዙም ሲወራ አልሰማም። ለፍሬሽማን ተማሪዎች ጄኔራል ፊዚክስ አስተምራለሁና ስለዚሁ ልጻፍላችሁ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ወደ ላይ ወረወርኩና «ጫፍ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ ዜሮ ነው፤ አክስለሬሽኗስ፣ ማለትም ፍጥነቷ የሚለወጥበት መጠን፣ ስንት ነው?» አልኳቸው። ትንሽ ጸጥ አሉና ከየአቅጣጫው «ዜሮ!» አሉኝ። እነዚህ ልጆች ቀመሩን በደንብ ቸክለውታል፣ ቁጥር ብትሰጧቸው አስገብተው መልሱን ያወጣሉ፤ የመሬት ስበት ግን ጠመኔዋን ለአፍታም እንደማይለቃት ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳቸውም። መልሱን አልነገርኳቸውም። «አጠገባችሁ ካለው ጋር በፈለጋችሁት ቋንቋ ተከራከሩ» አልኳቸው። ክፍሉ ገበያ ሆነ! ሴሚስተሩን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ከኋላ ተነስታ «ዜሮ ከሆነማ እዛው ተንጠልጥላ ትቀራለች እኮ» አለች። በቃ፣ ገባቸው። የእኔ ግማሽ ሰዓት ሌክቸር ያላደረገውን ያቺ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር አደረገችው።

ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር፣ ከባድ ስሌት የሚሠሩ ተማሪዎቹ ስለ ኃይል ቀላል ጥያቄ ሲጠየቁ ሲሳሳቱ አይቶ ነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተማሪን ከተማሪ ማወያየት የጀመረው። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 እዚያው አሜሪካ የወጣ ጥናት ደግሞ በሳይንስ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ መምህሩ ብቻ በሚያወራበት ክፍል 34 በመቶ ገደማ ሲወድቁ ተማሪው በሚሳተፍበት ክፍል የወደቁት 22 በመቶ ገደማ መሆናቸውን አገኘ።

እኛ ዘንድስ? ክፍሉ ይሞላል፣ ስላይድ ይነበባል፣ ቲውቶሪያል የሚባለውም መምህሩ ቦርድ ላይ ወርክሺት ሠርቶ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ተማሪው እንዳልገባው የሚያውቀው ሚድ፣ የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ ሲመለስለት ነው። ያኔ ደግሞ ሒሳቡም ኬሚስትሪውም ተከምሮበታል። አንዱ ተማሪዬ ሻንጣውን ይዞ ከዶርም ሲወጣ በር ላይ አገኘሁት። «ቲቸር፣ ፊዚክስ ለእኔ አይሆንም» አለኝ። ወረቀቱን አይቼው ነበር። የጎደለው ፊዚክስ ሳይሆን ክፍልፋይና ትሪጎኖሜትሪ ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት ባውቅ ኖሮ በሁለት ቅዳሜ የሚሞላ ክፍተት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ማርክ የማይያዝበት አጭር ፈተና ይሰጥ፣ ማን ምን እንደጎደለው ይታወቅ። ቲውቶሪያሉን ከፍተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች በትንሽ በትንሽ ቡድን ይያዙት፣ ድካማቸውም ይከፈላቸው። ልጆቹም በሚገባቸው ቋንቋ ይከራከሩ፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማሰቡም በእንግሊዝኛ ይሁን ማለት ልጆቹን መበደል ነው። ፍሬሽማንን ለጀማሪ መምህር መጣልም ይቅር፣ እዚያ ነው የተሻለው መምህር የሚያስፈልገው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ፈተና እኔ ለራሴ ክፍል አዘጋጅቻለሁ፣ ሁለት ገጽ ነው። የሚፈልግ የሙያ ባልደረባ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ልልክለት ዝግጁ ነኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የፊዚክስ መምህር