የፊልምና ሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የከረመው በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ነው፤ በቢቢሲው «ዶክተር ሁ»። ድራማው የተጀመረው በ1963 ነው (የድራማውን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ዶክተሩ በዘመናት መካከል ይመላለሳል፤ ሊሞት ሲል መልኩ ይለወጣል። ይህ ዘዴ የተፈጠረው የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ሲታወክ፣ በ1966 በፓትሪክ ትራውተን ለመተካት ነበር። እንግዲህ ስንት ጸሐፊ የተፈራረቀበት ታሪክ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያፈርሰዋል። የ1960ዎቹን ብዙ ክፍሎች ደግሞ ቢቢሲ ራሱ ከካሴት ላይ አጥፍቷቸዋል። የእኛ ሥራ እርስ በርስ የተጣሉትን ክፍሎች ማስታረቅ ሆነ።

ሕጋችን ሁለት ነበር፦ የክፍሉን ስምና ዓመት ያልጠቀሰ አይናገርም፤ «ያ ክፍል እንዳልነበረ ይቆጠር» ማለትም ክልክል ነው።

አትላንቲስ ሦስት ጊዜ ትጠፋለች፤ በ1967፣ በ1971 እና በ1972 በታዩ ታሪኮች። ዲማ ቅኔ ቤት ቆይቶ የመጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ተነሣና ፈታው። የ1972ቱ የጥንቷን ከተማ ጥፋት ያሳያል፤ የ1967ቱ ከባሕር በታች የተረፉትን ሰዎች ነው። በ1971 ግን አዛል የሚባለው ፍጡር «ያጠፋናት እኛ ነን» ማለቱን ሰማን እንጂ ሲያጠፋ አላየንም። «ፉከራ ነው» አለ ልጁ። ጎጃም ውስጥ ለዚህ ምስክር መጥራት አያስፈልግም፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ብዙ ያከራከረን የዶክተሩ ወዳጅ የሆነው የጦር መኮንን፣ የብርጋዴሩ ጉዳይ ነው። የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ ሣራ ጄን በ1975 በታየው ክፍል «የመጣሁት ከ1980 ነው» ትላለች፤ እርሷ ስታውቀው ብርጋዴሩ ገና በሥራ ላይ ነበር። በ1983 የታየው ታሪክ ግን በ1977 ጡረታ ወጥቶ ሒሳብ ሲያስተምር ያሳየናል። (የሒሳብ መምህሮቻችን በዚህ በጣም ተደስተዋል።) አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «1977ቱ በእኛ አቆጣጠር ነው!» አለች። በእኛ 1977 በእነርሱ 1984 እና 1985 ላይ ስለሚውል ሒሳቡ ልክክ አለ፤ ጭብጨባው እስከ አይሲቲ ክፍል ተሰማ። በሳምንቱ ያፈረሰችውም ራሷ ናት። በዚያው በ1983ቱ ታሪክ ሕዝቡ የንግሥት ኤልሳቤጥን 25ኛ የንግሥና ዓመት ያከብራል፤ ንግሥቲቱ ዙፋን የወረሱት በ1952 ነውና 1977ቱ ያለ ጥርጥር የአውሮፓ ነው። የዓመቱ ምርጥ ሥራ የቱ ነው ብባል ይህን አነሣለሁ። በሚኒ ሚዲያ ስታቀርበውም ሰልፍ ላይ የነበረው ሁሉ ጸጥ ብሎ አዳመጣት።

መብራት የጠፋ ዕለት ያለ ፊልም እንከራከር ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የተሻሉት ክርክሮች እነዚያ ናቸው።

ያልተቋጨው የ1976 ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት አንዱ ታሪክ ከሃርትኔል በፊት የነበሩ የሚመስሉ ፊቶችን አሳየ፤ ሌላው የዶክተሩ ወገኖች ከ12 ጊዜ በላይ መለወጥ አይችሉም ብሎ ደነገገ። ፊቶቹ የዶክተሩ ከሆኑ ከ12ቱ ብዙው አልቋል ማለት ነው። ብዙ ተመልካች ፊቶቹን የጠላቱ የሞርቢየስ ናቸው እያለ ያስታርቅ ነበር። በ2020 ድራማው ራሱ ዶክተሩ ከሃርትኔል በፊት ሌሎች ሕይወቶች እንደነበሩት ነገረን። የክበቡ ግማሽ ተደሰተ፤ ግማሹ አኮረፈ። እኔ ከአኩራፊዎቹ ጋር ነኝ፤ ተመልካቹ ለ44 ዓመት የገመደው መልስ ከጸሐፊው መልስ ይጠብቅ ነበር። ጸሐፊያችን ሁለቱንም ሐሳብ በቃለ ጉባኤ አስፍራለች፤ በመስከረም ከዚያው እንቀጥላለን። አዲስ አባላት ፍላሽ ይዛችሁ ኑ።