በርት ሞሪዞ የት ገባች?

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ ኢምፕሬሽኒስት ሠዓልያን (የብርሃንንና የቀለምን ቅጽበታዊ ስሜት በፈጣን ብሩሽ ስለሚሥሉት) ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ባነብም፣ ሞኔንና ሬኗርን አንሥቶ ሠዓሊቷን በርት ሞሪዞን ሳይጠራ ማለፉ ከነከነኝ። እሷ እኮ እ.ኤ.አ. በ1874 በፓሪሱ የመጀመሪያ የኢምፕሬሽኒስቶች ዐውደ ርእይ አብራቸው ሥራዎቿን ያሳየች ናት።

እዚያ ካቀረበቻቸው አንዱ በ1872 የሣለችው «የሕፃን አልጋ» ነው። እናት ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ ከስስ መጋረጃ ጀርባ የተኛች ልጇን ትመለከታለች፤ ሕፃኗም ክንዷን እንደ እናቷ አጥፋ ወደ ራሷ አንሥታለች። እናቲቱ የሞሪዞ እህት ኤድማ ናት። ሁለቱ አብረው ሥዕል ተምረው ነበር፤ ኤድማ ግን ስታገባ ብሩሿን አስቀመጠች። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የፊቷ ዝምታ የእናትነት ደስታ ብቻ ሆኖ አይታየኝም። እንዲህ ያለውን ሥራ «የጓዳ ሥዕል» ብሎ መናቅ ያሳዝናል።

እባካችሁ፣ ስለ እሷና ስለ ሌላዋ ኢምፕሬሽኒስት ሠዓሊ ስለ ሜሪ ካሳት ጻፉልን።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ