የድጋፍ ጥሪ፦ ቅጠሎቹ ሳይሻግቱ ድረሱልን

ውድ አባላትና ወዳጆች፣

የደረቁ ዕፅዋት ማኅደራችን ጣሪያ ባለፈው ሳምንት ሌሊት በዝናብ ተደርምሷል። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ከሦስቱ ቁም ሳጥኖች ሁለቱን በደህና አውጥተናል፣ ሦስተኛው ግን ርሷል። ይኸው ቀን ከሌት ጋዜጣ እየቀያየርን ቅጠል እናደርቃለን። ደክሞናል፣ አንደብቅም። ለጣሪያው የጀመርነው መዋጮ ግማሽ ሳይደርስ መቆሙንም ታስታውሳላችሁ።

«ያለፈው ገንዘብ የት ገባ?» ያላችሁ አላችሁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ለሲሊካ ጄል (እርጥበት ለሚመጥ ፍሬ)፣ ለማቀዝቀዣውና ለዲኤንኤ ንባብ (በቅጠሉ ውስጥ ያለውን የዘር መረጃ ለማስነበብ) ዋለ። ደረሰኞቹ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ስላሉ መጥታችሁ እዩ። «ጣሪያው ይቅደም» ብላችሁ ለነበራችሁት ዛሬ መልስ የለንም። ያስነበብናቸው የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች ግን ለሁሉም ክፍት በሆነ የመረጃ ቋት ገብተዋል፣ ዝናብ አይነካቸውም። በነሱም የተነሳ ስማቸው ተሳስቶ የቆዩ ሁለት ናሙናዎች ታርመዋል።

ታዲያ ከተነበበ በኋላ ቅጠሉ ምን ያደርጋል? ቅጠሉ ምስክር ነው። ዲኤንኤው የየትኛው ተክል እንደሆነ ጥርጣሬ ሲነሳ ተመልሶ የሚታየው እሱ ነው። ዐይን ብቻውን ያሳስታል፤ ሎተስ የተባለው የውሃ አበባ በመልኩ የውሃ ሊሊ ወንድም ሲባል ኖሮ፣ ዲኤንኤው ሲነበብ ከፕላታነስ ዛፍ ጋር ተዛመደ። (እኛም መጀመሪያ ስንሰማ አላመንንም።)

ንባቡም አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ትልቅ ጥናት የ500 ያህል የዕፅዋት ዝርያዎችን ዝምድና የለየው በአንድ የክሎሮፕላስት (የቅጠሉ አረንጓዴ ክፍል) ጂን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ደግሞ 353 ጂኖችን ይዞ ከ9,500 በላይ አባቢ (አበባ የሚያወጡ) ዝርያዎችን ዝምድና ለየ። በዚያ ጥናት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1875 ከተለቀመች ወዲህ በሕይወት ያልታየች የወይራ ዘመድ አለችበት። ያን ቅጠል ያደረቀው ሰው ዲኤንኤ ይነበባል ብሎ አላሰበም፤ ብቻ በደንብ አድርቆ አስቀመጠ። እርጥበትና ሻጋታ ግን ዲኤንኤን ይበጣጥሳሉ። ሦስተኛው ቁም ሳጥን ያስጨነቀን ለዚህ ነው።

ፍጥረት አደራ ነው፤ አማኙ ከፈጣሪው፣ ሌላውም ከመጪው ትውልድ የተቀበለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና (ሎሚም አባቢ ተክል ነው) ያላችሁን አዋጡ። ቆርቆሮና እንጨት በዓይነት ማምጣት ይቻላል። ጉልበት ያለው ቅዳሜ ይምጣ።

የማኅበሩ የሒሳብ ቁጥር አልተቀየረም። በአባልነት ደብተራችሁ ጀርባ ላይ የታተመው ያው ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ። በኮሚቴ አባል የግል ሒሳብ፣ በእኛም ቢሆን፣ አታስገቡ። ደረሰኙን ለገንዘብ ያዣችን አሳዩ።

ደግመን እንላለን፤ ቁጥሩ ከደብተሩ ጀርባ ያለው ነው፣ «ለጣሪያ»። ከመላካችሁ በፊት ሁለቴ አረጋግጡት፤ አምና አንድ መዋጮ ለማናውቀው ሰው ገብቶ ለማስመለስ ወራት ፈጅቶብናል።

የማኅደሩ ኮሚቴ