በዱቤ መዝገባችሁ ላይ ስላሉት አጫጭር ኮዶች

ውድ ባለሱቅ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የዱቤ መዝገባችሁን ወደ ኤክሴል ካዞርንላችሁ ወዲህ «ከስሙ ጎን ያለችው ኮድ ምንድን ናት? ስሙ ብቻውን አይበቃም ወይ?» የምትሉን ብዙ ናችሁ። እስቲ ለሁላችሁም አንድ ላይ እናስረዳ።

ስሙ ብቻውን አይበቃም። አንድ ሰፈር ውስጥ ስንት አበበ፣ ስንት ተስፋዬ እንዳለ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮዷ አንዱን ባለዕዳ ከሌላው የምትለይ አጭር ምልክት ናት። እሷን ለማውጣት ብዙ ሰው የሚያደርገው የስሙን የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት መቁረጥ ነው። ግን አበበና አበበች አንድ ይሆናሉ፣ ተስፋዬ፣ ተስፋሁንና ተስፋነሽ ደግሞ ሁሉም «ተስፋ» ሆነው ቁጭ ይላሉ። የእኛ ስም ብዙ ጊዜ የሚለየው መጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ ሌፍትና ራይት በሚባሉት የኤክሴል ቀመሮች፣ በሌፍት ከፊት ሁለት፣ በራይት ከኋላ አንድ ፊደል እንወስዳለን። አበበች «አበች»፣ ተስፋዬ «ተስዬ»፣ ተስፋሁን «ተስን» ይሆናሉ። የአባት ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት ይከተላሉ፤ ተስፋሁን ከበደ «ተስንከበ» ማለት ነው። ሳባ «ሳባባ» መባሏ ትንሽ ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ትልቁ ጣጣ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። ኃይሉን ጠዋት የሚገባው ልጅ በ«ኃ» ይጽፈዋል፣ የማታው በ«ሀ»፣ ባለሱቁ ራሱ በ«ሐ»። ለጆሮ አንድ ሰው ነው፤ ለኤክሴል ግን ሦስት ሰው፣ ሦስት ዕዳ። እኛ ለብቻው ባበጀነው ዓምድ ፊደልን በፊደል በሚተካው ቀመር፣ በሰብስቲትዩት፣ ወደ አንድ እናመጣቸዋለን፣ ደንበኛው ስሙን የሚጽፍበትን ፊደል ሳንነካ። ራሳችሁ ልትሞክሩ ከሆነ «ሠ»ን በ«ሰ» ስትተኩ «ሥ» አብራ እንደማትቀየር እወቁ፤ ሰባቱንም አንድ በአንድ መተካት ነው። ከስሙ ኋላ ባዶ ቦታ ከቀረ ደግሞ ራይት ፊደል ነው ብሎ እሱን ይወስዳል፣ ትርፍ ባዶ ቦታን የሚያጠፋውን ትሪም የምንጠቀመው ለዚህ ነው።

ገ/ማርያምና ገብረማርያምም እንደዚሁ ናቸው። «ገ/»ን በ«ገብረ» ተክቶ መገላገል ይቻላል። «ወ/» ላይ ግን ተጠንቀቁ። በጅምላ በ«ወልደ» ከተካችሁት ወ/ሮ በሙሉ «ወልደሮ» ይሆናሉ። ማዕረግን በራሱ ዓምድ ያስቀመጥነው ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሁለት ሰው አንድ ኮድ ላይ ከወደቀ፣ ለምሳሌ ገብረመድኅንና ገብረኪዳን ሁለቱም «ገብን» ናቸው፣ የአባታቸውም ስም ካልለያቸው፣ ካውንትኢፍ የሚባለው ቀመር ኮዱ እስከዚያ ረድፍ ስንቴ እንደመጣ ቆጥሮ 1፣ 2 እያለ ቁጥር ይጨምርበታል። ቁጥሩ ግን በረድፍ ቅደም ተከተል የሚሰላ ስለሆነ መዝገቡን በዕዳ መጠን ብትደረድሩት ትናንት 2 የነበረው ዛሬ 1 ይሆንና የአንዱ ዘይት በሌላው ላይ ይጻፋል። ለዚህ ነው ኮዱ እንደወጣ ቀመሩን ትተን ውጤቱን ብቻ መልሰን የምንለጥፈው። የለቀቀ ደንበኛን ኮድም ለአዲስ ሰው አትስጡ፣ የድሮው ዕዳ አብሮት ይመጣል።

«ስልክ ቁጥር አይሻልም ወይ?» ላላችሁን፣ ሰው ሲም ይቀይራል፤ ደግሞም ወረፋ በበዛበት ሰዓት 10 አሃዝ የሚያስታውስ ልጅ ካላችሁ ደመወዙን ጨምሩለት።

ከእናንተ የሚጠበቀው አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ስምና የአባት ስም በየዓምዳቸው መጻፍ ብቻ ነው። በእጃችሁ ያወጣችሁት ኮድ ካለ ፋይሉን በቴሌግራም ላኩልንና ከእኛው ኮድ ጋር እናስተያየዋለን። እስከዚያ ድረስ የድሮውን አታጥፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
መዝገባችሁን የምንይዝላችሁ