በር ሲንኳኳ የሚበረግግ ሰውነት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እማዬ በር በተንኳኳ ቁጥር ትበረግጋለች። ደሴ ውስጥ እሷ ብቻ አይደለችም። እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ጥርስ ሳይታወቅ ይነከሳል፣ በትንሽ ትልቁ እንቆጣለን። "ጨጓራ ነው" እያልን እናልፈዋለን። ነርቫችን ግን አደጋው ማለፉ ገና አልገባውም፤ አሁንም ለሽሽት ተዘጋጅቶ ነው የሚያድረው።

አሁን ከመግሪብ ሶላት በኋላ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች እጇን ሆዷ ላይ ታደርጋለች። እስከ 4 እየቆጠረች በአፍንጫዋ ትስባለች፣ እስከ 6 እየቆጠረች ቀስ ብላ ታስወጣለች። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ዝግ ይላል። መጀመሪያ "ይሄ ደግሞ ምን ይረባል ልጄ?" ብላኝ ነበር። 5 ደቂቃ ሳይሞላ ግን ትከሻዋ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። የማታውን ቡናም ትታለች፤ ለወሎ ሰው ቀላል አይደለም!

እንቅልፍ ለሳምንታት እምቢ ካለ ሐኪም ማየት ነውር እንዳልሆነ እባካችሁ ደጋግማችሁ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ