ከግራውንድ የጀመረ ዓመት፦ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ አንድ ሥራ ላይ ነው ያሳለፈው። በኮምፒውተር የምትታዘዝ ትንሽ ሚሊንግ ማሽን፣ ሲኤንሲ የሚሏትን፣ ገጣጥመን እንጨት እንድትቀርጽልን ማድረግ። ፍሬሙን መበየድ፣ ሐዲዱን ማስተካከል፣ ስቴፐር ሞተሮቹን ማሰር ብዙ ወር ወሰደ። እሱን ልለፈው። ልጆቹን በደንብ ያስተማራቸው ከዚያ በኋላ የመጣው የሽቦ ሥራ ነውና ስለ እሱ ልጻፍ።

ማሽኗ ስፒንድሏ፣ ማለትም መቅረጫውን ስለት የሚያሽከረክረው ሞተር፣ ሳይዞር ስትሄድ እንከን አልነበረባትም። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ እንዳዘዝናት። ስፒንድሉን አስነስተን ሥራ ስናስጀምራት ግን ትንሽ ትሄድና ቀጥ ትላለች። ኮምፒውተሩ ላይ «አላርም 1» ይወጣል። እኛ በምንጠቀመው ጂአርቢኤል በተባለ ሶፍትዌር ይሄ ማለት የዳር ማቆሚያ ስዊች ተነክቷል ማለት ነው። ስዊቹን ግን የነካው ነገር የለም።

ልጆቹ በሙሉ ሶፍትዌሩን ጠረጠሩ። አጥፍተው ጫኑት፣ ላፕቶፕ ቀየሩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ስፒንድሉ ሲጠፋ እኮ ምንም አትልም» አለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሶፍትዌሩን ትተን ሽቦውን መመርመር ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፒንድሉን የሚያዞረው ኢንቨርተር ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ተቀብሎ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ነው ወደ ሞተሩ የሚልከው። እንዲህ በድንገት ከፍና ዝቅ የሚል ቮልቴጅ አጠገቡ ያለ ሽቦ ውስጥ ሳይነካው ይገባል። የስዊቹ መስመር ደግሞ የማሽኗ መቆጣጠሪያ በሆነው አርዱይኖ ላይ በ5 ቮልትና እጅግ ትንሽ በሆነ ከረንት የተያዘ ነው። ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። ሁለቱ ካቦዎች ከዳር እስከ ዳር አብረው ታስረው ነበር። ለዓይን ያምራል፣ ለማሽኗ ግን በሽታ ነው።

ስለዚህ ለያየናቸው። የኃይል ካቦዎቹ በአንድ ጎን፣ የሲግናሎቹ በሌላው ጎን ሄዱ፤ መገናኘታቸው ግድ የሆነበት ቦታ ላይ ጎን ለጎን ሳይሆን ተሻግረው፣ በ90 ዲግሪ እንዲያልፉ አደረግን። የስፒንድሉን ካቦ መረብ ባለው፣ ሺልድ በሚባለው፣ ተካነው። የሞተር ካቦ ሺልድ በሁለቱም ጫፍ ይታሰራል፣ የስዊች ካቦ ሺልድ ግን በመቆጣጠሪያው በኩል ባለው ጫፍ ብቻ። ስዊቾቹንም በተለምዶ ዝግ የሆኑ፣ ማለትም ካልተነኩ ከረንት የሚያሳልፉ፣ አደረግናቸው፤ ሽቦ ቢበጠስ ማሽኗ ራሷ ትቆማለች። አላርሙ ጠፋ።

ከዚያ ልጆቹ የማይረሱት ይመስለኛል የምለው የቀለሙ ነገር መጣ። አረንጓዴና ቢጫው የግራውንድ ሽቦ፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው፣ በቡሎን ከፍሬሙ ጋር ጥብቅ ብሎ ታስሯል፣ ብትጎትተው አይነቃነቅም። ማሽኗ ከሶኬት ተነቅላ አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ ስፒናው ላይ ባለው የግራውንድ ብረት፣ ሌላውን ፍሬሙ ላይ ስናደርግ ግን መገናኘታቸውን የሚነግረን የሜትሩ ድምፅ የለም። የፍሬሙ ቀለም ላይ ነው የታሰረው፣ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈጉት፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ከሥሩ አስገብተው እንደገና አጠበቁት፣ ሜትሩም ጮኸ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግራቸው የስፒንድሉን መያዣ፣ የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ፣ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑን በር ሳይቀር ለኩ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሽቦ ኖሮት ወደ አንድ የጋራ የመዳብ ማሰሪያ እንዲመጣ አደረግን። አንዱን ከሌላው እያያዙ መቀጠል ከመሃል አንድ ቡሎን ቢላላ የቀረውን ሁሉ ያለ ግራውንድ ያስቀራል።

ሶኬቱ ራሱ ሌላ ጉድ ነበር። የግራውንድ ብረት አለው፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። ይሄ በብዙ ቤት የምታዩት ነገር ነው፣ እባካችሁ የቤታችሁን አስመርምሩ። ይህን ለልጆች አልሰጠሁም፤ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን መጥቶ ከኤሌክትሪክ ሰሌዳው ሽቦ ሳበ፣ ደጅም የመዳብ ዘንግ ቀበረ። «ለማሽኗ ለብቻዋ አንድ ዘንግ ቀብረን እናገናኛት» የሚል ምክር ከብዙ ሰው ሰምተናል። ትክክል አይደለም። ዘንጉ ከሕንፃው ግራውንድ ጋር መያያዝ አለበት፣ አለዚያ የክረምቱ መብረቅ አቅራቢያችን ሲወርድ በሁለቱ መካከል አደገኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ጣና ዳር ያለ ሰው መብረቅን አያቃልልም።

ዘንግ ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳየውን ስሌትም ልጆቹ ራሳቸው ሠሩት። የዘንጉ ሬዚስታንስ 10 ኦም ነው እንበል። ፌዙ፣ ኃይል ያለው ሽቦ፣ ፍሬሙን ቢነካ 220 ሲካፈል ለ10፣ 22 አምፔር ይፈሳል። 16 አምፔር ብሬከር በዚህ ከረንት ወዲያው አይወርድም፣ ደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ፍሬሙን የያዘ ሰው ምን ይሆናል? ስለዚህ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ከረንት ወደ መሬት ሲያመልጥ የሚቆርጥ፣ ከኢንቨርተር ጋር የሚስማማ አርሲዲ ተገጠመ። ዘንጉም መለካት ያለበት በሚያዝያ፣ አፈሩ ሲደርቅ ነው። በነሐሴ ጭቃ ውስጥ የተገኘ ጥሩ ቁጥር ያታልላል።

መብራትም ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲመጣ ስፒንድሉ በራሱ መነሳት የለበትም። ስለዚህ ኮንታክተር የሚባል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምን፦ መብራት ከተመለሰ በኋላ ሰው አረንጓዴውን በተን ካልተጫነ ምንም አይነሳም፣ ቀዩ የአደጋ በተን ደግሞ ሶፍትዌሩን ሳይጠይቅ ኃይሉን ይቆርጣል። የኢንቨርተሩን ክዳን ለመክፈትም ሕግ አለን። ከሶኬት ተነቅሎ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያም መለካት። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች 300 ቮልት ገደማ ይዘው ይቆያሉ።

በግንቦት የመጀመሪያውን ሥራ ጨረስን። ከዋንዛ የተቀረጸ የቤተ መጻሕፍቱ ስም ነው፣ አሁን በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ሂዱና እዩት። ፊደሎቹ ጥርት ብለዋል።

ለከርሞ የቀረው የሳጥኑ ማቀዝቀዣ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አብዛኞቹ ኢንቨርተሮች ደግሞ ሙሉ አቅማቸው የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ፋንና የዋንዛ ዱቄት የማያስገባ ማጣሪያ እንፈልጋለን። ቤታችሁ የተበላሸ ኮምፒውተር ካለ አትጣሉት፣ ፋኑን አምጡልን። መመዝገብ የምትፈልጉ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች በመስከረም ወርክሾፑ ድረስ ኑ። ሽቦ መላጥ ባትችሉም ችግር የለም፣ እናስተምራችኋለን።